ክሴኖስ፦ እንግዳ የሚባለው ማን ነው?

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት በነበረው ወር፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ግድም፣ አንድ ሰው ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን አስከትሎ ከደጃችን ቆመ። እኛ በአንዲት የቆርቆሮ ክዳን ቤት አብረን የምንኖር ሦስት መምህራን ነን። ሰውዬው «የእግዚአብሔር እንግዳ ነን፣ አሳድሩን» አለ። ይህን አነጋገር ከሰማነው ብዙ ዓመት ሆኖናል። ከኛ አንዱ «ካርድ አላችሁ?» ሲል ጠየቀው። ማንኛችን እንደ ጠየቅን መናገር አያስፈልግም፤ የቀረነው ዝም ብለናልና። ሰውዬው ጥያቄው አልገባውም። እኛም የመቀበያው ሠፈር በየት በኩል እንደ ሆነ በእጃችን አሳየነው። እነርሱም ወዳሳየናቸው አቅጣጫ ሄዱ። ትንሹ ልጅ ጫማ ያደረገው በአንድ እግሩ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ሦስታችን ስንከራከር ዋልን። አንዱ፦ ያደረግነው ልክ ነው፤ ራሽናችን ተቀንሷል፣ ቤቲቱ ለሦስት ሰው እንኳ አትበቃም፣ ያልተመዘገበ ሰው ማሳደር ደግሞ ጣጣ ያመጣል አለ። ሁለተኛው ምንም አልተናገረም። ሦስተኛው ያቺን ጠርዟ የተበላ የግሪክኛ ሐዲስ ኪዳን ከሣጥን አወጣ። ለንባብ ክበባችን የመጻሕፍትን የግሪክ ቃላት በየተራ ልናስረዳ ቃል ገብተን ነበርና፣ «ክሴኖስ» የሚለው ቃል ሳንጠራው ተራውን ወሰደ።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውቅ። ግሪክኛችን ከአንድ ያረጀ ሰዋስውና ከአንድ መዝገበ ቃላት የተለቀመ ስለ ሆነ፣ ከኛ የበለጠ የሚያውቅ ቢያርመን ደስ ይለናል። የእስልምና ተከታይ የሆኑ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ነገሩን የሌላ ቤት ጉዳይ አድርገው እንዳያልፉት እንለምናለን። ኢብራሂም ለማያውቃቸው እንግዶች ጥጃ ጠብሶ ማቅረቡን ቁርኣንም ይተርካል።

ክሴኖስ ማለት መጀመሪያ ባዕድ፣ ከሌላ አገር የመጣ የማይታወቅ ሰው ማለት ነው። ያው ቃል ከቤት ገብቶ የተቀመጠውን እንግዳም ይጠራል። እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያስደንቅ ነገር የለም፤ እኛም የማናውቀውን ነገር «እንግዳ ነገር» እንላለን፣ ቡና ያፈላንለትንም ሰው «እንግዳችን» እንላለን። በዚህ አገር የሚነገረው ስዋሂሊም «ምጌኒ» በሚለው አንድ ቃል ሁለቱንም ያጠቃልላል። ግእዙ «ነግድ» ይላል፤ ከዚሁ ሥር ነጋዴም ንግደትም ወጥተዋል። በመንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሸቀጥ የጫነውም ስእለት የተሸከመውም፣ ለአባቶቻችን በአንድ ሥር የሚጠራ ነበር።

የግሪኩ ቃል ግን አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል፤ ክሴኖስ አስተናጋጁንም ይጠራል። ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት መጨረሻ ላይ ጋይዮስ የሚባለውን ሰው «የእኔ ክሴኖስ» ይለዋል። ጋይዮስ ግን ባዕድ አልነበረም፤ ጳውሎስን በቤቱ ያስተናገደ ባለቤት ነው። በአማርኛ የቤቱን ጌታ «እንግዳዬ» ብንለው ሰው ይስቅብናል። በግሪክኛ ግን ቃሉ የሚጠራው አንድን ሰው ብቻ ሳይሆን በሁለት ሰዎች መካከል የታሰረውን ገመድ ነው፤ ገመዱን በየትኛው ጫፍ ብትይዘው ስሙ ያው ነው።

ይህ አጠራር ከወንጌል በፊት የነበረ ነው። በሆሜር ኢልያድ ስድስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ግላውኮስና ዲዮሜዴስ የሚባሉ ሁለት ጦረኞች ሊገዳደሉ ይጋጠማሉ። ዘር ሲቈጣጠሩ የአንደኛው አያት የሁለተኛውን አያት ሃያ ቀን ቤቱ ማስተናገዱ ይታወቃል። ወዲያው ጦራቸውን ሰክተው ይጨባበጣሉ፣ የጦር ልብሳቸውንም ይለዋወጣሉ። ግላውኮስ መቶ በሬ የሚያወጣ የወርቅ ልብስ ሰጥቶ ዘጠኝ በሬ የሚያወጣ የነሐስ ልብስ ይቀበላል። ገጣሚው ይህን ሰው እንደ ሞኝ ቈጥሮታል፤ እኛ በበኩላችን ፍርዱ ጠንከር ያለ ይመስለናል። ለማንኛውም፣ አያቶቻቸው ያበሉትና ያጠጡት ምግብ ሁለት ትውልድ ቈይቶ ከሞት አዳናቸው።

እንዲህ ያለው ወዳጅነት ምልክትም ነበረው። አንድ ነገር ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ከባለቤቱ፣ ግማሹ ከእንግዳው ዘንድ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ ልጆቻቸው ሲገናኙ ሁለቱን ግማሾች ያጋጥማሉ፤ ከገጠሙ፣ ቤቱ ቤትህ ነው። ይህን ስባሪ «ሲምቦሎን» ይሉታል፤ የሃይማኖትን ምስክርነት የሚናገረውን ጸሎት ግሪኮች በኋላ የጠሩት በዚሁ ቃል ነው። በደረት ኪሳችን የምንይዘውን ካርድ ስናስብ ይህ ትዝ አለን። የኛም ግማሹ በእጃችን፣ ግማሹ በቢሮ መዝገብ ውስጥ ነው፤ እህል የምንቀበለው ሁለቱ ሲገጥሙ ነው። ልዩነቱ የግሪኩ ስባሪ ሁለት ሰዎች አብረው ከበሉ በኋላ የሚሰበር መሆኑ ነው። እኛ ያን ምሽት ያንን ሰው ገና ሳናበላው ስባሪውን ጠየቅነው።

ወደ ሐዲስ ኪዳን እንመለስ። በማቴዎስ 25 ንጉሡ የሚናገረው ታሪክ ለሁሉ የታወቀ ነው፤ በዚያ ከተራበውና ከታረዘው ጋር የተቈጠረው ክሴኖስ ነው። ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ያው ቃል ይመለሳል፤ የካህናት አለቆች ይሁዳ በመለሰው ሠላሳ ብር የሸክላ ሠሪውን መሬት የገዙት ለክሴኖሶች መቃብር እንዲሆን ነው። በዚያ ከተማ ለእንግዳ የተገኘለት መሬት ይኸው ነበር። በዚህ ሠፈር ከወንዙ ማዶ ያለውን የመቃብር ቦታ የሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ከክሴኖስ የተወለደ አንድ ሌላ ቃል አለ፤ «ፊሎክሴኒያ» ይባላል፣ እንግዳን መውደድ ማለት ነው። ዛሬ በየሬዲዮው የምንሰማው «ዜኖፎቢያ»፣ ባዕድን መፍራት፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ከግሪክ ቃላት የተገጣጠመ አዲስ ቃል ስለ ሆነ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ጳውሎስ በሮሜ 12 ስለ ፊሎክሴኒያ ሲናገር የተጠቀመበት ግሥ ግን ብዙ አቈየን። አማርኛው «ትጉ» በሚል ቃል ተርጕሞታል፤ የግሪኩ ግሥ «ዲዮኮ» ነው፤ መከታተል፣ ማሳደድ ማለት ነው። በሚቀጥለው ቍጥር ላይ ስለ ጠላቶች ሲናገር ያንኑ ግሥ ይደግመዋል፤ እዚያ ግን የአማርኛው ተርጓሚ «ማሳደድ» ብሎታል። እንግዲህ በግሪክኛው የሚያነብ ሰው ሁለቱን ጐን ለጐን ያገኛቸዋል፤ እናንተ እንግዳን መቀበልን አሳድዱ፣ የሚያሳድዷችሁን ደግሞ መርቁ እንደ ማለት ነው። በቋንቋችን «ስደተኛ» እና «አሳዳጅ» ከአንድ ሥር መውጣታቸውን ተማሪዎቻችን ያውቃሉ። አሳደው ያወጡን ሰዎች በየጫካው ሲፈልጉን በነበረው ትጋት እንግዳ እንድንፈልግ መታዘዛችን ነው። እኛ መፈለጉ ቀርቶ ከደጅ የቆመውን መለስን።

እዚህ ላይ ስንደርስ ያ የመጀመሪያው ባልደረባችን መጽሐፉን ከእጃችን ወስዶ ዘጋው። «ይህ ሁሉ የታዘዘው ቤት ላለው ሰው ነው» አለ። «አብርሃም ከብት ነበረው፤ ድንኳኑም የራሱ ነበር። ጋይዮስ ቤት ነበረው። እኛ ምን አለን? ክሴኖሶቹ እኛው ነን። የሚቀበለን ይፈለግ እንጂ እኛን ተቀበሉ የሚል ትእዛዝ ከየት ይመጣል?»

ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ በልባችንም ሁላችንም የምናስበው ይህንኑ ነው። ለዓመታት ስንቀበል ኖረናል፤ እህል፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ፣ ሸራ። ተሰልፎ መቀበል ሥራችን ሆኗል። ብዙ ዓመት የተቀበለ ሰው መስጠት የሌላ ወገን ጉዳይ ይመስለዋል፤ እጁ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይታጠፍለታል። ያን ምሽት ከአፋችን የወጣው ድምፅ የኛ አልነበረም። የመስኮቱ ድምፅ ነበር፤ እኛም አንድ ቀን ከዚያ መስኮት ፊት ቆመን የሰማነው ነው።

መልሱን ያገኘነው በጴጥሮስ ፊተኛ መልእክት ውስጥ ነው። መልእክቱ የተላከው በጳንጦስ፣ በገላትያ፣ በቀጰዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ፣ ማለትም ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ለተበተኑ ሰዎች ነው። በምዕራፍ 2 ቍጥር 11 ላይ የሚጠራቸው «ፓሮይኮስ» እና «ፓሬፒዴሞስ» በሚሉ ስሞች ነው። ፓራ ማለት አጠገብ፣ ኦይኮስ ማለት ቤት ነው፤ ፓሮይኮስ እንግዲህ ከቤት አጠገብ እንጂ ከቤት ውስጥ ያልሆነ ሰው ነው። ሁለተኛው ቃል ለጥቂት ጊዜ የተቀመጠ መንገደኛ ማለት ነው። ሁለቱን ስሞች አስቀድሞ ለራሱ ያወጣቸው አብርሃም ነው፤ ሣራ ስትሞት የመቃብር ቦታ ሊገዛ ከኬጢ ሰዎች ፊት ቆሞ ራሱን በእነዚሁ ሁለት ስሞች ማስተዋወቁን የብሉይ ኪዳን ግሪክኛ ትርጕም ይነግረናል። ባልደረባችን ባለጠጋ ያለው አብርሃም ሚስቱን የሚቀብርበት አንድ ክንድ መሬት እንኳ ስላልነበረው አራት መቶ ብር ከፍሏል።

በጥንት የግሪክ ከተሞች ፓሮይኮስ መሆን የሕግ ነገር ነበር። በአቴና እንዲህ ያለውን ነዋሪ «ሜቶይኮስ» ይሉታል፤ ወንዱ በዓመት አሥራ ሁለት ድራክማ፣ ለብቻዋ የምትኖር ሴት ደግሞ ስድስት ድራክማ ይከፍላሉ። ዋስ የሚሆን ዜጋ ማቅረብ ግዴታ ነው፤ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠው በቀር መሬትም ቤትም ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ የጴጥሮስ መልእክት አንባቢዎች ይህ ስም ሲነበብላቸው ምን ማለት እንደ ሆነ አልጠየቁም። እኛም አንጠይቅም።

ታዲያ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 4 ቍጥር 9 ላይ፣ ለእነዚሁ ፓሮይኮሶች፣ እርስ በርሳችሁ እንግዳ ተቀባዮች ሁኑ የሚል ትእዛዝ ተጽፏል። ቤት የላችሁም ብሎ ያለፋቸው አይደለም። ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ እንግዶች ያላቸውን ሰዎች፣ ስማቸውን ሳይፍቅ፣ አስተናጋጆች አደረጋቸው። ክሴኖስ የሚለው ቃል በሁለቱም ጫፍ የሚያዝ መሆኑ እዚህ ላይ ከሰዋስው ጉዳይነት አልፎ የሰው ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። እንግዳ መሆን አስተናጋጅነትን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ ያ ደብዳቤ የሚላክለት ሰው ባልነበረ።

ጸሐፊው የሚናገረውን ያውቃል፤ «ያለ ጎንጊስሞስ» ሲል ይጨምርበታልና። ጎንጊስሞስ ማንጐራጐር ነው፤ የግሪኩም የአማርኛውም ቃል ድምፁን ከጉሮሮ የወሰደ ይመስላል። የእስራኤል ልጆች በምድረ በዳ ስለ እንጀራ ያጕረመረሙት ማጕረምረም በብሉዩ ግሪክኛ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ምግብ ተሰፍሮ በሚሰጥበት በረሃ ውስጥ ማንጐራጐር እንደሚኖር ሁለቱም መጻሕፍት አስቀድመው አውቀውታል። ሐሙስ ሐሙስ ከቦኖው አጠገብ ጄሪካን ተደርድሮ የሚሰማውን አንባቢ ራሱ ያስታውስ፦ «እነዚህ ደግሞ ከየት መጡብን?» እንላለን። እኛ ስንመጣም ቀድመውን የነበሩት ሰዎች ይህንኑ ብለዋል።

ይሁንና መጽሐፍ ጠቅሰን ባልደረባችንን አፉን ማስያዝ አልፈለግንም፤ ከተናገረው ውስጥ እውነት አለና። እንግድነት ልክ አለው። በአገራችን እንግዳ በመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። ስዋሂሊዎች ደግሞ «ምጌኒ ሲኩ ምቢሊ፤ ሲኩ ያ ታቱ ምፔ ጄምቤ» ይላሉ፤ እንግዳ ሁለት ቀን ነው፣ በሦስተኛው ቀን መቈፈሪያ ስጠው ማለታቸው ነው። «ዲዳኬ» በሚባለው የጥንት ክርስቲያኖች የግሪክኛ ጽሑፍም ተመሳሳይ ሥርዓት እናገኛለን። ይህ ጽሑፍ ጠፍቶ ሲኖር በ1873 እ.ኤ.አ. በቍስጥንጥንያ ተገኝቶ በ1883 ታትሟል፤ እኛ ከምናውቀው ዲድስቅልያ ጋር አንድ አይደለም። በዚያ እንደ ተጻፈው መንገደኛ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይስተናገዳል፤ መቀመጥ ከፈለገና የእጅ ሙያ ካለው ሠርቶ ይብላ ይላል።

የአገራችንን ተረት ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር ስናስተያይ የኛው ያንሳል ብለን እንፈርዳለን። እንግዳው በሦስተኛው ቀን ብረት መሆኑን ነግሮን ያበቃል። ስዋሂሊው ግን ብረቱን ከእጁ ያስጨብጠዋል። መቈፈሪያ የሚሰጠው ሰው ከእንግድነት ወጥቶ ነገ ሌላውን ወደሚቀበል ሰውነት እየገባ ነው። የኛ ሠፈር ችግርም ከዚህ ይመነጫል። ሦስተኛው ቀን አልፎ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ መቈፈሪያው ግን ለብዙዎቻችን አልመጣም። ይህ በደል ነው፤ በደል መሆኑንም መናገር አለብን። መምህር ሳያስተምር፣ ገበሬ ሳያርስ፣ አናጢ ሳያንጽ እንዲኖር ማድረግ ሰውን በገመዱ በአንደኛው ጫፍ አስሮ ማስቀረት ነው። ነገር ግን በእኛ ላይ የተሠራው በደል ያን ጫማ የጐደለውን ልጅ የሚመልስበት ምክንያት አይገኝበትም። ሌላውን ጫፍ ማንም አልቈረጠብንም፤ እኛው ነን የለቀቅነው።

ሁለተኛው ባልደረባችን፣ ያ ዝም ብሎ የነበረው፣ በዚህ ጊዜ አያቱ ይነግሩት የነበረውን ታሪክ አነሣ። አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አይቀምስም ነበር። ሰይጣን ይህን አይቶ ቀና። ራሱን ፈንክቶ በመንገድ ላይ ተቀመጠና አላፊ አግዳሚውን «አብርሃም እንደ ዱሮው አይደለም፤ ሄጄ ይኸው ደብድቦ መለሰኝ» እያለ መለሳቸው። አብርሃም ሦስት ቀን ጾሙን ከዋለ በኋላ ሥላሴ መጡለት። ባልደረባችን ታሪኩን ጨርሶ «እኛ ያን ምሽት ከድንኳኑ ደጃፍ አልነበርንም፤ ከመንገዱ ላይ ነበርን» አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም።

ሰዎቹን ፈልገን ያገኘናቸው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ከሠፈሩ ጫፍ፣ ከእሾህ አጥሩ አጠገብ፣ በአራት እንጨት ላይ ሸራ ወጥረው ተቀምጠዋል። ያን ሌሊት ያደሩት ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሥር መሆኑን ሴትዮዋ ነገረችን፤ ለመውቀስ አልነበረም፣ ጠይቀናት ነው። ሰውዬው ማን መሆናችንን ያወቀው ገና ከሩቅ ሲያየን ነው። ተነሥቶ «ግቡ እንጂ መምህሮች፣ ቤት ለእንግዳ» አለን። ጐንበስ ብለን ገባን። ጆሮዋ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረች ጀበና ከጎረቤት ተውሳ መጣች። ሲኒው ሁለት ብቻ ስለ ነበረ በየተራ ጠጣን፤ በረካው ድረስ ጠበቅን። ይቅርታ ለመጠየቅ ሄደን እንግዶች ሆነን ዋልን።

ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ ከሌሎች መምህራን ጋር ተነጋግረናል። የጎልማሶች ማስተማሪያ ክፍል ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ባዶ ነው። ሌሊት የሚደርሱ ሰዎች እስኪመዘገቡ ድረስ እንዲያድሩበት የሠፈሩ ሽማግሎች ተስማምተዋል፤ ቍልፉ በየሳምንቱ ከአንድ መምህር ወደ ሌላው ይተላለፋል። አምስት ሰሌን አለን፣ አሥር ያስፈልገናል። ትርፍ ሰሌን ወይም ጄሪካን ያለው ሰው ይህችን ጽሑፍ ለሚቀጥለው አንባቢ ሲያስተላልፍ ጠርዟ ላይ ስሙንና የብሎኩን ቍጥር ቢጽፍልን፣ ራሳችን መጥተን እንወስዳለን።